ቢላዋው እስኪደርስ

ቆርቆሮው የከረሜላ ነው። ክዳኑ ላይ የነበረው የሎሚ ሥዕል ተፍቆ አልቋል። ስከፍተው ቀድሞኝ የወጣው ሽታው ነው፤ የማሽን ዘይት፣ ብረት፣ ከሥር ከሥሩ ደግሞ ያረጀ ሎሚ። ይህ ሽታ ለዓመታት ከጎኔ አድሯል። ባለቤቴ እጁን በምን ሳሙና ቢታጠብ ከጣቶቹ አይለቅም ነበር።

ውስጡ ያለው አንድ የፍላጻ ስለትና አንድ የላስቲክ ማሰሪያ ነው፤ ሌላ ምንም የለም። ስለቱ ከአውራ ጣቴ አይረዝምም። ግራና ቀኝ ክንፍ አለው። እዚህ ሮም ያሉ አዳኞች ፑንታ ይሉታል። ላስቲኩን በሁለት ጣቴ ወጠርኩና እሱ ሲያደርግ እንዳየሁት ስለቱን አስጠጋሁበት። ገና ሲነካው ተበጠሰ። ላስቲኩ አርጅቶ ይሆናል፤ ወይም ስለቱ አላረጀም።

ስለ እሱ ጻፊልኝ ካልሽኝ ቆየሽ፣ ወዳጄ፤ አውቃለሁ። እኔ በዝግታ ነው የምጽፈው። አንድ መስመር ጽፌ እነሣና መስኮት እከፍታለሁ። ሌላውን ሁሉ ትቼ ዛሬ የአጋዘኑን ነገር ልንገርሽ።

ያን ጊዜ ወጣት ነበርኩ፤ ሰው ቤት አድሬ የምሠራ፣ ፊሳ የምንለው። አሠሪዬ ሚስታቸው የሞቱባቸው፣ ልጅ ያልነበራቸው ሽማግሌ ነበሩ። ሲኞሬ እላቸው ነበር፤ ዛሬም ሌላ ስም አይመጣልኝም። በጉልምስናቸው አሜሪካ ተራሮች ድረስ ሄደው ፈረስ የሚያህል አጋዘን በቀስት ጥለዋል። ቀንዱ ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ዛፍ መስሎ ተሰቅሎ ነበር፤ አቧራውን የምወለውለው እኔ ነኝ። መሰላል ላይ ወጥቼ ስወለውል ከታች ሆነው ሁልጊዜ ያንኑ ይነግሩኛል። ጥይት በኃይሉ ይገድላል፤ ፍላጻ ግን በስለቱ ብቻ ነው። ስለቱን ሳይመርጥ ጫካ የሚገባ ሰው አዳኝ ሳይሆን አሠቃይ ነው። እኔ «ሲ፣ ሲኞሬ» እያልኩ ስለ ምሳው አስባለሁ።

ጉልበታቸውን ያማቸው ስለነበር ቀስታቸውን ለማሳየት ፒኜቶ ሰፈር ወዳለች አንዲት ጠባብ የቀስት መጠገኛ ቦቴጋ ሲሄዱ ደግፌ የምወስዳቸው እኔ ነበርኩ። በሩ ሲከፈት ትንሽ ደወል ይንቃጨላል። ውስጡ ጨለም ያለ፣ ላባና ሙጫ የሚሸት ነው። ብርሃን የሚገባው በአንዲት መስኮት ብቻ ሲሆን፣ ከመስኮቷ ሥር አንድ ያገሬ ልጅ አጎንብሶ ስለት ይስላል። ድንጋዩ ላይ ሲስል የሚሰማው ድምፅ ሰው በሹክሹክታ የሚያወራ ይመስላል። የግራ ክንዱን ሳይ፣ ከአንጓው በላይ መዳፍ በሚያህል ቦታ ፀጉር የለውም። በአማርኛ ምን ሆነህ ነው አልኩት።

ቀና እንኳ ሳይል «የቆዳ በሽታ ነው፤ አይዞሽ፣ አይተላለፍም» አለኝ።

ስለቱ መሳሉን የሚፈትነው በገዛ ክንዱ ፀጉር መሆኑን ያየሁት በሌላ ቀን ነው። ላስቲኩ ለደንበኛ ማሳያ ነበር፤ ክንዱ ለራሱ። አናኚና በኩል፣ ስደተኞች የሚኖሩበት ሰላም ፓላስ የሚባል ሕንፃ ውስጥ ከሌሎች ጋር አንድ ክፍል ተጋርቶ ይኖር ነበር፤ ሥራ ላይ ሲሆን ግን የራሱ ቤት ያለው ሰው ይመስል ነበር። ከዚያ በኋላ የሲኞሬው ቀስት ቶሎ ቶሎ መበላሸት ጀመረ። ሽማግሌው ምክንያቱን ሳያውቁ አልቀሩም።

የታጨን ጊዜ ከእኛ በላይ የተደሰቱት እሳቸው ናቸው። የሠርጉ ሥጋ የእኔ ነው አሉ። ቶስካና ውስጥ የወዳጃቸው የታጠረ ጫካ አለ፤ ጥቅምት ላይ ትልቅ ወንድ አጋዘን እንዲያድኑ ተፈቅዶላቸዋል፤ እሱን በገዛ እጃቸው ጥለው ያመጣሉ። ሙሽራው ስለቱን መርጦ አብሯቸው ይሄዳል።

«ከዚህ በኋላ አላድንም፤ ፊልያ ሚያ፣ ልጄ፣ የመጨረሻዬ ለእናንተ ይሁን» አሉኝ። እጃቸውን ስሜ ወጣሁ። ደስታዬ የዘለቀው አክስቴ ቤት እስክደርስ ነበር።

ሮም ያመጣችኝ አክስቴ ናት፤ እዚህ እናቴም አባቴም እሷ ነበረች። የሠርጉን ድግስ በኃላፊነት የያዘችውም እሷ ናት። ነገሩን ስነግራት ሽንኩርት መላጧን አቆመች።

«ሰኮናው ስንጥቅ ነው፣ ያመሰኳልም፤ መብላቱስ በተበላ። ማን ባረከው? ካቶሊክ በሩቅ ሆኖ የወጋውን ለሠርገኛ ላቅርብ? በክት ነው ልጄ።»

እንግዲያው እንንገራቸው ብላት ተቆጣች። ሽማግሌ በደስታ ለተነሣበት ስጦታ በክት ነው ተብሎ ይመለስለታል ወይ አለችኝ። እሷም እውነቷን ነው፤ እኔም ብሆን አፌ አይከፈትም ነበር። እንደዚህ ሆነን ተያዝን። ሥጋው ቢመጣ ማንም አይቀምሰውም፤ እንዳይመጣ ብንናገር እኒያ ሰው ያዝናሉ።

ባለቤቴ አንድ ነገር ታሰበው። ከቅዳሴ በኋላ ስለቱን በመሐረብ ጠቅልሎ ለቄሱ አቀረበና ይባርኩልኝ አላቸው፤ ስለቱ ከተባረከ የሚገድለውም የተባረከ ይሆናል ብሎ ነው። ቄሱ መጀመሪያ ሳቁ። ከልቡ መሆኑን ሲያዩ ሳቃቸውን ዋጥ አደረጉ። «ልጄ፣ ብረት አይጸልይም፤ እጅ ነው የሚጸልየው» አሉት። ነፍሱ ሳይወጣ ደርሰህ በስመ አብ ብለህ ካረድከው ግን ይበላል አሉ።

መንገዱ ተገኘ ብለን እኔና አክስቴ ተደሰትን። እሱ ግን ስለቱን በመሐረቡ መልሶ ጠቀለለ። ለምን እንዳልተደሰተ የገባኝ አክስቴ ወደ እኔ ዞራ፣ «ከስለቶቹ ሁሉ ቶሎ የማይገድለው የትኛው ነው? እሱን ይምረጥ በይው» ስትለኝ ነው።

ፒኜቶ ከባቡር ሐዲዱ በላይ ድልድይ አለ፤ አመሻሽ ላይ ፀሐዩ ሐዲዱን ተከትሎ ይመጣል። እዚያ ቆመን ቆርቆሮውን ከኪሱ አወጣ። መዳፉ ላይ ሦስት ስለት ደረደረና እንደ ልጅ አስተማረኝ። አንደኛው ታጥፎ ሄዶ ሰውነት ውስጥ ሲገባ የሚከፈት ነው፤ ቁስሉ ሰፊ ነው፤ ነገር ግን ብርቱ ቀስት ይፈልጋል። የሲኞሬው ክንድ ደክሟል፤ እንደ አጋዘን ያለ ትልቅ እንስሳ አጥንት ላይ ይቆምባቸዋል። ሁለተኛው ባለሦስት ክንፍ ነው፤ እሱም ጉልበት ይበላል። ሦስተኛው ይህ አሁን ከፊቴ ያለው ባለሁለት ክንፍ ነው። በደንብ ከተሳለ በደካማ ቀስትም ጎድን ለጎድን ያልፋል፤ እንስሳው መወጋቱን ሳያውቅ ጥቂት ሄዶ ይወድቃል።

«የማይገድለውስ?» አልኩት።

«የማይገድል የለም። የሚያዘገይ ነው ያለው።»

የመጀመሪያውን በጣቴ ነካሁት። ይህ ሳይሳል ቢሄድስ አልኩ።

ስለቱን ከጣቴ ሥር አሸሸው። «ቢላዋው እስኪደርስ እያቃሰተ ይጠብቀን?»

«ትንሽ ቢቆይ ምናለ? አንተ እስክትደርስ ብቻ።»

ስለቶቹን አንድ በአንድ ቆርቆሮው ውስጥ መለሰ። ከሥራችን ባቡር አለፈ፤ ድልድዩ ተንቀጠቀጠ። ትራሙ ድረስ ሸኘኝ፤ ሳልሳፈር ዞሮ ሄደ። በማግስቱ ለአክስቴ ስነግራት ደግሞ፣ ለአውሬ ይህን ያህል የሚጨነቅ ሙሽራ ለሚስቱ ክብር የማይጨነቀው ለምንድን ነው አለችኝ። ሳምንቱን ሁሉ ሠርጉ የቀረ እየመሰለኝ ከረምኩ። እሱ ደግሞ ያን ሳምንት ይስል ነበር። ክንዱ ላይ ያለው መላጣ ቦታ እስከ ክርኑ ደረሰ። ምን እየሳለ እንደሆነ አልጠየቅኩትም።

ሄዱ። በቦርሳው የአክስቴን ቢላዋ ይዟል። የሆነውን እሱ እንደነገረኝ ነው የምነግርሽ፤ ብዙ ጊዜ አስደግሜዋለሁ። ጠዋት ነው፤ ጭጋግ አለ፤ መሬቱ የረገፈ ቅጠል ነው። ከዛፍ ጀርባ ተቀምጠዋል። አጋዘኑ ጭጋጉን ለብሶ መጣ። የሲኞሬው ክንድ ቀስቱን ሲስብ ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ በአንድ ጊዜ ጸና። የፍላጻው ድምፅ የመጽሐፍ ገጽ እንደ መግለጥ ነበር አለኝ። አጋዘኑ ዘሎ ወደ ቁጥቋጦው ገባ።

ባለቤቴ ቢላዋውን ይዞ ብድግ አለ። ሽማግሌው እጅጌውን ያዙት። «አስፔታ፣ ጠብቅ» አሉት። የቀስት አዳኞች ሕግ ነው፤ የተወጋን አያሯሩጡትም። ካሯሯጡት ቁስሉን ይዞ ቀኑን ሙሉ ይሮጣል፤ ከተዉት ጋደም ይላል። ቁጭ ብለህ ትጠብቃለህ። የሲኞሬው እጅ እጅጌው ላይ እንዳለ፣ ከቁጥቋጦው ጀርባ ሲወድቅ ሰማሁት አለኝ። ሲደርሱ ዐይኑ ክፍት ነው፤ ዐይኑ ላይ አንድ ቢጫ ቅጠል ወድቆበታል። ቅጠሉን አነሣለት። ከዚያ ቢላዋውን እንደያዘ በስመ አብ አለ፤ ሥጋው እንዲበላ ብሎ ሳይሆን፣ ዝም ብሎ መቆም ስላልቻለ።

ሲመለስ አክስቴ በር ላይ ጠበቀችው። ሰላም እንኳ ሳትለው፣ ነፍሱ ሳይወጣ ደረስክበት ወይ አለችው። ከእሱ በቀር የሚያውቅ የለም። አዎ ቢል ሁሉም ነገር ያልቅ ነበር። እኔ ከአክስቴ ጀርባ ቆሜ በዐይኔ እለምነዋለሁ።

«አልደረስኩም እትዬ። ቶሎ ነው የሞተው።»

አክስቴ ነጠላዋን አስተካከለች፤ እንደገና አስተካከለች። በመጨረሻ «እንግዲያው ጽጌ ነው» አለች።

ወሩ የጾመ ጽጌ ወር ነበር። የፈቃድ ጾም ነው፤ ከእሷ በቀር ከመካከላችን የሚጾመው አልነበረም። አክስቴ ስልኳን አንሥታ ሠርገኛውን በሙሉ አስጾመችው። ምስር ተሠራ፣ ሽሮ ተሠራ፣ ጎመን ተሠራ። ቲቡርቲና አካባቢ የሚሠራ አንድ ሚዜ፣ «በሰው ሠርግ ጾም ስይዝ የመጀመሪያዬ ነው፤ የራሴ ሲደርስ ሁዳዴ ላይ አደርገዋለሁ» ብሎ አሳቀን።

ሲኞሬው ጥቁር ልብሳቸውን ለብሰው መጡ። አጋዘኑን ጎረቤታቸው በወይን ቀቅላው ነበር፤ የእሳቸው ድርሻ በሳህን ከፊታቸው ቀረበ። አክስቴ አጠገባቸው ተቀምጣ፣ እመቤታችን ልጇን ይዛ ግብፅ መሰደዷ የሚታሰብበት ጾም ነው ብላ በጣልያንኛ አስረዳቻቸው። አንገታቸውን ዝቅ አድርገው ሰሙ። ከዚያ ሹካቸውን አስቀመጡ።

«ሙሽሮቹ እየጾሙ እኔ ሥጋ ልብላ?» አሉ። ሳህኑን ገፋ አድርገው ምስር ይምጣልኝ አሉ።

ስለዚህ ያን አጋዘን ከሠርገኛው አንድም ሰው አልቀመሰውም። የሲኞሬው ጎረቤቶች በሉት። አክስቴን ወጥ ቤት ሄጄ ሳያት ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ትንቀጠቀጣለች፤ ትሳቅ ታልቅስ ዛሬም አላውቅም። ሲኞሬው እስኪሞቱ ድረስ፣ ሠርጋቸውን በጾም ያደረጉ ቅዱሳን እያሉ ስለ እኛ ያወሩ ነበር። አጋዘኑን የጣለውን ይህን ስለት ያን ዕለት በሙሽራው መዳፍ ላይ አስቀመጡለት። «እውነተኛ ምርጫ» አሉት።

ስለዚህ ነገር ከእሱ ጋር ዳግም አልተጨቃጨቅንም። እሱ አንዴ ብቻ፣ ከረጅም ዓመት በኋላ፣ ምስር እየበላን፣ «ተቀይመሽኝ ነበር አይደል?» አለኝ። እኔም ጽጌ ነው፣ ብላ አልኩት።

እንግዲህ የቀረውን ታውቂያለሽ። ያው የቦቴጋው መስኮት ሥር፣ ያው ስለት የሚስልበት ጠረጴዛ ላይ፣ ጠዋት ነው። እኔ ሥራ ላይ ሆኜ አንዲት አሮጊት እያጠብኩ ነበር። የቦቴጋው ጌታ ደውሎ ቶሎ ነይ አለኝ፤ ወድቋል፣ አምቡላንስ ጠርተናል አለኝ። እጄ በሳሙና እንደራሰ ወጣሁ። ትራሙ በየፌርማታው ይቆማል፤ ሰው ይወርዳል፣ ሰው ይገባል።

ስደርስ በጨርቅ ሸፍነውታል። የግራ ክንዱ ወጥቷል። ከአንጓው በላይ ያለው ቦታ ልሙጥ ነበር፤ ጠዋት ፈትኗል።

ሰው ሁሉ የሚያጽናናኝ በአንድ ቃል ነው። አልተሠቃየም ይሉኛል። ቄሱም፣ ሐኪሙም፣ የቦቴጋው ጌታም፤ በቅጽበት ነው፣ ምንም አላወቀም ይሉኛል። አምናቸዋለሁ። እሱም ምረጥ ቢባል የሚመርጠው ይህንኑ ነበር።

እኔ ግን ትራሙ ውስጥ የመደገፊያውን ብረት ይዤ ቆሜ እግዚአብሔርን ስለምነው የነበረው፣ ያን ጊዜ ድልድዩ ላይ እሱን የለመንኩትን ነው። ትንሽ ይቆይ አልኩ። እስክደርስ ብቻ።