የሻርጃው ወንፈል

ከደብረ ታቦር የወጣሁት ንጋት ላይ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ገና ሳይሞላ ነው። መናኸሪያው ጉም በጉም ሆኖ ሚኒባሱን ያገኘሁት በዓይኔ ሳይሆን በጆሮዬ ነበር፤ ረዳቱ "ባሕር ዳር፣ ባሕር ዳር" እያለ ይጮኻል፣ እኔ ሻንጣዬን እየጎተትሁ ድምፁን እከተላለሁ። እናቴ ከኋላዬ ናት። ትንሽ ትሄድና ቆም ትላለች። ስኳር አለባት፤ እግሯ ማበጥ ከጀመረ ዓመት አልፎታል። ሐኪሙ "በየቀኑ ግማሽ ሰዓት በእግርዎ ይሂዱ" ካላት ጀምሮ ጠዋት ጠዋት እጇን ይዤ የማስሄዳት እኔ ነበርሁ። እሷማ በራሷ ፈቃድ ከግቢው በር አታልፍም።

"እንግዲህ ማን ያስሄድሽ?" አልኋት ሚኒባሱ በር ላይ።

"ስትመለስ እንቀጥላለን" አለችኝና አገላብጣ ሳመችኝ።

እውነቱን ልናገርና፣ ወረታ እስክንደርስ ድረስ አለቀስሁ፤ ከወረታ በኋላ ግን ደስታው አሸነፈኝ። ሐሙሲት ገበያ ነበር። ሰዉ መንገዱን ሞልቶ እህል ተሸክሞ፣ በግ እየነዳ፣ ከየት ድረስ እንደመጣ እግዜር ይወቀው፣ ይተማል። አንድም አሠልጣኝ "በርታ" የሚለው የለም። ያን ጊዜ ልብ አላልሁትም፤ ለሥራ ዓረብ አገር፣ ሻርጃ ገብቼ ከሰው ጋር ስጨቃጨቅ ነው ያ መንገድ በዓይኔ ላይ የሚመጣው።

ሥራዬን ለማታውቁ፦ የተማርሁት ስፖርት ሳይንስ ነው። ደብረ ታቦር ውስጥ ከአንድ ጋራዥ ጀርባ ትንሽ ጂም ነበረችን። ክብደታችን ሲሚንቶ የተሞላ የወተት ቆርቆሮ ሲሆን መስታወታችን ከሙሽራ ቤት የተረፈ የቁም ሳጥን በር ነበር። ጎረምሳው ግን ይመጣል፣ ዝናብ ቢዘንብም ይመጣል። የእኔ ሥራ "ይብቃህ፣ ወገብህን ትሰብራለህ" እያሉ ማስቆም ነበር። ሰውን ለምኖ ማስነሣት የሚባል ሙያ እንዳለ አላውቅም ነበር።

ቦሌ ላይ አንዲት ሠራተኛ ወረቀቴን አገላብጣ አየችኝ።

"ሙያ?"

"የግል አሠልጣኝ።"

"የየትኛው ቡድን?"

"የቡድን አይደለም። አንድ ሰው ብቻ ነው የማሠለጥን።"

"አንድ ሰው ለምን ውድድር?"

"ውድድር የለውም። እንዲከሳ ነው።"

ቀና ብላ አየችኝ። "እንዲከሳ ነው አንተን እዚያ ድረስ የሚወስድህ?" አለችና ማኅተሙን መታችልኝ። አዘነችልኝ መሰለኝ።

ሻርጃ ስወርድ የአውሮፕላኑ በር ሲከፈት የመጣብኝን ሙቀት የሞተሩ ነው ብዬ ነበር። እስኪያልፍ ጠበቅሁ። አላለፈም፣ ለካ አየሩ ነው። ማደሪያ ያከራየኝ ሰውዬ ስድስት አልጋ የተደራረበበት ክፍል ውስጥ አስገባኝና "ይኸው" አለኝ።

"ክፍሌ የቱ ነው?"

"ክፍል የለህም። ቤድ ስፔስ ነው፣ የአልጋ ቦታ ብቻ፤ ያ የላይኛው ያንተ ነው።"

"መስኮትስ?"

"መስኮት ምን ያደርግልሃል? ውጭ ያለው ያው ሙቀቱ ነው።"

ልክ ነበር።

ጂሙን ሳየው ግን ልቤ ዘለለ። ሦስት ፎቅ፣ ዙሪያው መስታወት፣ ኤሲው የጉና ተራራን ብርድ የሚያስታውስ፤ እንዲያውም መጀመሪያ የገባሁ ዕለት በደስታ ጋቢ አማረኝ። ሊነኩት የሚያሳሳ ማሽን ተደርድሯል። ያን ሁሉ አይቼ "እነዚያ የጋራዡ ልጆች ይህን ቢያገኙ ምን ይሆኑ ነበር" እያልሁ አንድ በአንድ ዳበስሁት። ማሽን ሞልቷል፤ የሚነሣ ሰው ነው የጠፋው።

አለቃችን ሪታ የምትባል ፊሊፒናዊት ናት። ቁጥብ፣ ጥብቅ፣ ክፋት የሌለባት ሴት። "የሙከራ ጊዜህ ሦስት ወር ነው" አለችኝ። "ሁለት ደንበኛ እሰጥሃለሁ። ካቋረጡ ኮንትራት የለም፣ ቪዛም የለም፣ ወደ አገርህ ትመለሳለህ።"

የመጀመሪያዋን ደንበኛ በገዛ አፌ አጣኋት። ቢሮ የምትሠራ ደግ ሴትዮ ነበረች፤ ሁለት ሳምንት ጠፍታ ተመለሰች። ሰው ከመንገድ ሲመለስ እኛ ዘንድ ምን ይባላል? እኔም ፊቴ በርቶ ተቀበልኋትና በእንግሊዝኛዬ "ወፍረሻል፣ በጣም ተስማምቶሻል" አልኋት። በዚያው ወጣች። ሪታ ጠራችኝ።

"ምን አልሃት?"

"ወፍረሻል አልኋት።"

"ለምን?"

"ደስ እንዲላት።"

ሪታ የሴትዮዋን ስም ከመዝገቡ ሠረዘች። "አንድ ቀርቶሃል" አለችኝ።

የቀረው አንድ አቡ ሳሚ ነበር። ግብፃዊ ነው፣ ሥልሳ የተጠጋ፣ የመጋረጃ ነጋዴ፣ ሣቂታ ሰውዬ። እንደ እናቴ ስኳር አለበት፤ ሐኪም አዝዞት ልጁ ከፍሎለት ነው የመጣው። ሦስት ቀን ቢመጣ አምስት ቀን ይቀራል። ሲመጣም ሰበቡን ይዞ ነው። ጉልበቱ ያመዋል፣ ጫማውን መኪና ውስጥ ረስቷል፣ የሾፌሩ አማት ታማለች። አንድ ቀን መሮጫው ማሽን ላይ ቆሞ በስልክ ያወራል፤ አሥር ደቂቃ ጠብቄው አልቻልሁም።

"አቡ ሳሚ፣ ማሽኑ እኮ አልተነሣም።"

"አውቃለሁ። እየተላመድን ነው።"

ተቃጠልሁ። እውነቱን ነው የምላችሁ፣ ማልቀስ ሁሉ አማረኝ። በቁጣ ሞከርሁት፣ በልመና ሞከርሁት፣ የስኳርን መዘዝ በፎቶ አሳየሁት። ፎቶውን ካየ በኋላ ልቡ አዝኖ ሻይ ሊጠጣ ወጣ። መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ "ነገ፣ ኢንሻላህ።" ሁለተኛው ወር ሊያልቅ ሲል ሪታ "በቀረህ ወር አንድ ቀን ሳያጓድል ከመጣ ትቀጥላለህ፤ ካልሆነ ትኬትህን እንቆርጣለን" አለችኝ።

ያን ዕለት ከሥራ ወጥቼ ለእናቴ ደወልሁ።

"ሄድሽ ዛሬ?"

"አልሄድሁም።"

"ምነው እማየ?"

"እንዴት ልሂድ ልጄ? በማለዳ ከበር ስወጣ ያየኝ ሁሉ 'ማን ሞቶ ነው?' ይለኛል። ማንም አልሞተ ስላቸው ደግሞ እኔን እንደ እብድ ያዩኛል። ለቅሶ ቢሆንማ ጋፋት ድረስ እሄድ ነበር።"

"እግርሽስ?"

"አብጧል" አለች፤ ከዚያ ወሬ ቀየረች።

የላይኛዋ አልጋ ላይ ወጥቼ ተጋደምሁ። እዚህ አንድ ስኳር ያለበት ሰው አልራመድም ይላል፣ እዚያ አንዲት ስኳር ያለባት እናት አልራመድም ትላለች፤ እኔ ደግሞ በዲግሪ የተመረቅሁ አስራማጅ ነኝ። ሣቄም ንዴቴም መጣ። በዚያ መሀል ፋርጣ ያለው አጎቴ ትዝ አለኝ። የራሱ ገብስ ደርቆ እየረገፈ "ነገ አጭደዋለሁ" የሚል ሰው ነው። ወንፈል ያለበት ዕለት ግን ዶሮ ሳይጮኽ ማጭዱን ይዞ ሌላ ሰው ማሳ ላይ ይገኛል። ወንፈል ማለት ለማታውቁ የከተማ ልጆች፣ ዛሬ አንተ የእኔን ታጭዳለህ፣ በተራዬ እኔ ያንተን አጭዳለሁ። ሰውዬው መጥቶ ጉልበቱን ሰጥቶሃል፤ በተራህ ብትቀር በየት አገር ቀና ብለህ ትሄዳለህ? አጎቴ ለራሱ ገብስ የሚያቀርበው ሰበብ አያልቅም፤ ለወንፈል ግን አንድም ሰበብ አፉ ላይ መጥቶ አያውቅም።

በማግስቱ አቡ ሳሚ ሻዩን ይዞ ሲገባ ጠጋ አልሁትና በሁለት ወር በለቃቀምኋት የተሰባበረች ዐረብኛዬ ዋሸሁ።

"አቡ ሳሚ፣ እናቴ ዛሬ ጠዋት ስለ እርስዎ ግማሽ ሰዓት ተራምዳለች።"

"ስለ እኔ? የት ታውቀኛለች?"

"እሷም ስኳር አለባት። እዚህ አንድ እንዳንቺ የታመመ ሰው አለ ብዬ ነገርኋት። በአገራችን አንዱ ለሌላው ደክሞ ሲውል ያኛው በተራው ይደክምለታል። እሷ ዛሬ ደክማለች።"

አቡ ሳሚ ሻዩን አስቀመጠ። ፊቱ ላይ ያለው ሣቅ ጠፋ። "እኛም መንደር በስንዴ አጨዳ እንደዚህ ነበር" አለኝ። "አባቴ ትኩሳት ይዞት ሄዷል፣ ተራ አለብኝ ብሎ።" የጫማውን ክር አጠበቀ። "ስንት ደቂቃ አልኸኝ?"

"ሠላሳ።"

"ሜዳ ነው?"

"ደብረ ታቦር ምን ሜዳ አላት?"

ወደ ማሽኑ ሄዶ በገዛ እጁ አስነሣው። ከፍታውንም ጨመረበት። እያላበው፣ እያለከለከ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ስልኩን ሳያይ ሠላሳ ደቂቃ ሞላ። ጎኑ ቆሜ ደቂቃውን ቆጠርሁለት። እንደጨረሰ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ሮጬ ገብቼ ለእናቴ ደወልሁ።

"እማየ፣ አንድ ግብፃዊ ሽማግሌ ስላንቺ ብሎ ግማሽ ሰዓት ሄደልሽ።"

"ለእኔ? ምን ውዬለት?"

"ወንፈል ነው። እሱም እንዳንቺ ስኳር አለበት። ተራው አሁን ያንቺ ነው።"

የሰማሁት ቁጣ ነው። "አንተ ልጅ፣ የሰው ጉልበት እኔ ላይ አስቀምጠህ ነው አሁን የምትነግረኝ? ጫማዬን ላድርግ፣ ዝጋው።"

ያን ጠዋት እስከ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዳገት ደርሳ ተመለሰች። "ማን ሞቶ ነው?" ላሏትም መልስ አገኘች፤ "ማንም አልሞተ፣ ወንፈል አለብኝ" ስትላቸው መንገድ ለቀቁላት። ወንፈል ያለበትን ሰው ማን ያስቆማል?

ከዚያ በኋላ የሆነውን ስጽፍ አሁንም ደስታው ይይዘኛል። አቡ ሳሚ አንድ ቀን አልቀረም። ከበር ሳይገባ "እማማ ሄደች?" ይለኛል። እናቴ ስልኩን ሳታነሣ ቀርታ እንደሆነ ያ ሰውዬ ማሽኑ ላይ አይወጣም፤ እሷም እንደዚያው፣ ጫማዋን አድርጋ "ሰውየው ወጣ?" ሳትል እግሯን አታነሣም። በኋላማ ስልኩን ማሽኑ ላይ አስቀምጬ ድምፁን ከፍ እያደረግሁ፣ አንዱ እዚህ አንዷ እዚያ አብረው መሄድ ጀመሩ። እኔ መሀል ቆሜ አስተረጉማለሁ።

"የግብፅ ሰው ነው ያልኸኝ?" አለች አንድ ቀን እያለከለከች።

"አዎ።"

"ጣና ገብቶ ዓባይ የሚሆነውን የጉማራችንን ውኃ ሲጠጣ አድጎ እንዴት እንዲህ ይደክመዋል በለው።"

ተረጎምሁለት። ሣቁ አላስኬድ ብሎት ማሽኑን አቁሞ እንባውን ጠረገ። "ለዚህ ውኃ እንዴት ወንፈል እንደምመልስ አላውቅም በላት" አለኝ። እሷም ስትሰማ ደስ አላት፤ አሥር ደቂቃ ጨመረችለት።

ሪታ መጥታ "ይሄ ምንድነው?" አለችኝ። ነገርኋት። በሳምንቱ ሰበብ የሚያበዙትን ደንበኞች ሁሉ ሰብስባ ሰጠችኝ፤ ሁለት ሁለት አድርጌ አጣመድኋቸው፣ አንዱ ከቀረ የሌላው ድካም በዕዳ ይቀመጥበታል። ሕንዳዊው ሒሳብ ሠራተኛ እንኳ ጓደኛውን "ዋንፋል፣ ዋንፋል" እያለ በስልክ ሲቀሰቅስ ሰማሁት። የፋርጣ አጎቴ ይህን ቢሰማ አያምነኝም።

ሦስተኛው ወር ሲሞላ ለአቡ ሳሚ የመጀመሪያውን ቀን ውሸቴን ነገርሁት። "አውቄ ነበር" አለኝ፣ "ሰበብ የማውቅ ሰው እኮ ነኝ።" በዚያው ዕለት ሪታ ወረቀቱን አምጥታ አስፈረመችኝ። የሁለት ዓመት ኮንትራት፣ ከነቪዛው። እጄ ላይ ይዤው ወደ ውጭ ሮጥሁ፤ በዚያ እሳት ፀሐይ ቆሜ ለእናቴ ደወልሁ። መንገድ ላይ ነበረች፤ ጫማዋ ጠጠሩን ሲረግጥ ይሰማኛል።

"እማየ፣ ፈረምሁ። ሁለት ዓመት ሰጡኝ።"

"እግዚአብሔር ይመስገን" አለች። ትንሽ ሄደች። "ሁለት ዓመት?"

"ሁለት ዓመት። እግርሽስ?"

"እግሬ ቀሏል፣ ጫማ ይገባልኛል። ከግብፃዊውም ጋር ተካክለናል። አሁን ወንፈል ያለብህ አንተ ነህ።"

"እኔ?"

"ሚኒባሱ በር ላይ ስትመለስ እንቀጥላለን አላልሁህም? ይኸው አንተ ሳትመለስ ወር ሙሉ ሄድሁልህ፣ እንጀራህም ተገኘ። ተራው ያንተ ነው። ወንፈል ደግሞ በስልክ አይመለስም ልጄ፣ ሰውዬው ራሱ መጥቶ ነው።"

ያን ጊዜ ጀመርሁ። ፈቃድ የሚሰጡት ከዓመት በኋላ ነው አልኋት፤ ፓስፖርቴ እነሱ ጋ ነው አልኋት፤ አሁን ደንበኛው በዝቶብኛል አልኋት፤ ሲመቸኝ፣ እግዜር ካለ፣ አልኋት። ሁሉም እውነት ነበር። ግን እያወራሁ ድምፄን ሰማሁት፤ የአቡ ሳሚ ድምፅ ነበር፣ ሻዩን ይዞ በር ላይ ሲቆም።

"እሺ" አለችኝ እናቴ፣ እኔ ለአቡ ሳሚ እሺ እንደምለው አድርጋ።

ስልኩን አልዘጋችውም። እርምጃዋና ትንፋሿ ይሰማኛል። ዳገቱን ይዛ እየወጣች ነበር፤ እኔ ቆሜ እሰማት ነበር።