ሳይስቁ እስከ መጨረሻው

ሚኒባሷ ከኮምቦልቻ ተነሥታ የሐረጎን ዳገት ስትያያዘው፣ አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ ስልካቸውን ከፈቱ። ነጭ ኮፍያ አድርገዋል፤ የመነጽራቸው እጀታ በሽቦ ተጠግኗል፤ በጉልበታቸው መሃል የሾርባ ፔርሙዝ ይዘዋል። የሚያዩት ግን ካርቱን ነው፤ ከሥሩ የአረብኛ ጽሑፍ ያለው፣ እኔም ድሮ የማውቀው የአንድ ቤተሰብ ኮሜዲ። ዓይናቸውን ሳይነቅሉ፣ አንዴም ሳይስቁ ጨረሱት።

«አያስቅም እንዴ፣ አባባ?»

«ጅዳ ዘበኛ ሳለሁ በሳቅ ይገድለኝ ነበር። ይኸው ሃያ ዓመት አለፈው። ሰዎቹ አንድ ሽበት አላወጡም፤ ቀልዱ ነው ያረጀባቸው።»

«ታዲያ ለምን ያዩታል?»

ገርሟቸው ዞር ብለው አዩኝ። «ያን ሁሉ ዘመን ያሳቀኝን፣ ሲደክም ልተወው? ወላሂ አላደርገውም! የታመመ ይጠየቅ የለም እንዴ?»

እኔ ቀልዱ ሲደርቅ ወዲያው ነበር የተውኩት።

ደሴ፣ ሆስፒታሉ በር ላይ «ወራጅ አለ!» ብለው ፔርሙዛቸውን አነሡ።

«ማን ታሞብዎት ነው?»

«ባለቤቴ። እንደሷ ያለ ቀልደኛ አልነበረም። ካመማት ወዲህ ግን አንዲት ቀልድ ብቻ ናት የቀረቻት፤ በሄድኩ ቁጥር እሷኑ ትነግረኛለች።» ኮፍያቸውን አስተካከሉ። «በል፣ ሄጄ ልሳቅላት።»