ኦይቫ ሳውና ውስጥ የደበቀው ኮምፒውተር

ኬሚያርቪ ከተማ ውስጥ ስለ ኦይቫ ኬስኪታሎ ማውራት የሚችል ሰው ካለ እኔ ነኝ። ሰላሳ አንድ ዓመት በአንድ ግድግዳ ጎረቤቱ ሆኜ ኖሬያለሁ። ሚስቱ ኢርያ እንኳን እንደኔ አታውቀውም። እሷ የምታውቀው ሲበላና ሲተኛ ነው፣ እኔ የማውቀው ሲዋሽ ነው።

ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የመንገድ በረዶ ይጠርግ ነበር። መኪና ውስጥ ተቀምጦ፣ ማሞቂያ እየሞቀ! እኔ በጉርምስናዬ ግንድ በወንዝ ሳወርድ እስከ ደረቴ በረዶ ውሃ ውስጥ ቆሜ ነው የሠራሁት፤ አንድ ቀን አለቃችን ራሱ ባርኔጣውን አውልቆ... እሱን ሌላ ጊዜ ብነግራችሁ ይሻላል። አሁን ወሬው የኦይቫ ነው።

የሰውየው ሕይወት ሂላ ነበረች፣ ሐምሌ መጨረሻ ረግረጉ ላይ የምትበስለው ብጫ ፍሬ። እዚህ አገር ሰው የደመወዙን ልክ ይነግርሃል፤ ሂላ የሚለቅምበትን ቦታ ግን ለወለደው ልጅ አይናገርም። እኔም አልናገርም፣ ደንብ ነው። ኦይቫ ግን አበዛው። መኪናውን ሦስት ኪሎ ሜትር ርቆ ያቆምና ጫካ ለጫካ ዞሮ ይገባል። አንድ ጊዜ የዓሣ መረብ ተሸክሞ ሲወጣ ያዝኩት።

«ዓሣ ልይዝ ነው» አለኝ።

«እዚያ ወዲያ እኮ ሐይቅ የለም፣ አንተ ሰው!»

«ለዚህ ነዋ ባዶ እጄን የምመለሰው» ብሎኝ ሄደ። ሲመለስ ባልዲውን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ደረጃውን ይወጣል፣ ሬሳ የሰረቀ ነው የሚመስለው።

አርባ ዓመት ሙሉ ያገኛቸውን ረግረጎች አንድ በአንድ ኮምፒውተር ላይ መዘገበ፣ ከነካርታቸው። ሰባ ስምንት ሲሞላው ዓይኑ ደከመ፤ ጭንቅላቱም፣ ድሮም ብዙ አልነበረበትም፣ አብሮ ደከመ።

«በቃሌ አንዱንም አላስታውሰውም» አለኝ። «እዚያ ውስጥ ግን ሁሉም አሉ። እሱ ከጠፋ እኔ ረግረግ አልወጣም፣ አለቀልኝ ማለት ነው።»

«ሌላ ቦታስ ኮፒ አድርገሃል?»

«ሁለት ቦታ ከተቀመጠ ሁለት ሌባ ያገኘዋል።»

እንዲህ ያለ ጥበብ!

ሰኔ ላይ፣ ፀሐይ በማትጠልቅበት ሰሞን ለሚከበረው የዩሃኑስ በዓል የሚስቱ እህት ሄልቪ ከታምፔሬ ልትመጣ ሆነ። ሄልቪ ሰው ቤት ገብታ መሳቢያ ሳትከፍት የማትቀመጥ ሴት ናት። ኦይቫ ታዲያ ሲጨነቅ ሰንብቶ፣ በመጣችበት ዕለት ጠዋት ኮምፒውተሩን ተሸክሞ የት ቢደብቀው ጥሩ ነው? ሳውናው ውስጥ፣ በኤሌክትሪክ ምድጃ ግሎ ሰው ላብ በሚያወጣበት ክፍል! ላይኛው መደብ ላይ አስቀምጦ አሮጌ ካፖርት ደረበበት፣ የካፖርቱም ጫፍ ምድጃው ላይ ወደቀ። ሕንፃችን ውስጥ እያንዳንዱ ቤት የየራሱ ሳውና አለው፤ እነ ኦይቫ ግን ከስንፍናቸው የተነሳ ዕቃ ማጎሪያ አድርገውት ነበር። እኔ ሳውናዬ ውስጥ ከውሃ ባልዲ ሌላ ዕቃ ገብቶ አያውቅም።

ኦይቫ ቋሊማ ሊገዛ ወጣ፣ ለሚስቱም ምንም አልነገራትም። ሄልቪ ከባቡር ወርዳ ደክሟት ገባች፣ ገና ካፖርቷን ሳታወልቅ ግድግዳው ላይ ያለውን የሳውና ማብሪያ አዞረችው። በሩን ከፍቶ ማየት የለ።

ሽታው እኔ ቤት ድረስ መጣ። ሮጬ ገብቼ አጠፋሁት፣ እኔ ባልኖር ሕንፃው በሙሉ ይነድ ነበር። ካፖርቱ ከስሏል፤ ኮምፒውተሩ መደቡ ላይ እንደ ቅቤ ቀልጦ ተንጠባጥቧል። ኦይቫ ቋሊማውን እንደያዘ በሩ ላይ ደረሰ።

«ማነው ሳያይ ሳውና የሚለኩስ?» አለ።

«ማነው ሳውና ውስጥ ኮምፒውተር የሚያስቀምጥ?» አለች ሄልቪ። «ሳውና እኮ የሚሠራው ለመሞቅ ነው፣ አንተ ደረቅ!»

አልወዳትም፣ ግን እውነቷን ነበር።

ዘጠና ኪሎ ሜትር ርቆ፣ ሮቫኒየሚ ከተማ፣ ከሞተ ኮምፒውተር ፋይል የምታወጣ ሬታ የምትባል ሴት አለች። እኔ ነኝ የነዳሁት፣ እሱ መንገዱ አይታየውም። ሬታ የቀለጠውን ፈልቅቃ ሃርድ ዲስኩን አወጣች። ላዩ ላይ ያለው የኤሌክትሪክ ሰሌዳ ተቃጥሏል፤ ከሌላ መሰሉ ዲስክ ሰሌዳ ነቅላ ገጠመችለት።

«ውስጡ ተጎድቷል» አለች። «ብዙ አይቆይም። ከመሞቱ በፊት ያለውን ሁሉ እየቀዳሁ አስቀራለሁ። ሁለት ቀን ይፈጃል፣ እርስዎ ቤትዎ ይሂዱ።»

ኦይቫ መች ሊሄድ! ጠዋት ሱቁ ሲከፈት ወንበር ይዞ ከስክሪኑ ፊት ይቀመጣል፤ ማታ ሲዘጋ ይነሳል። ሽንት ቤት ሲሄድ እኔን ጠባቂ አድርጎ ያቆመኛል።

በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ቀድታ ጨረሰች። የፋይሎቹ ስም «ሂላ አንድ»፣ «ሂላ ሁለት» እያለ ሲደረደር ኦይቫ ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«ስሙ መጥቷል» አለች ሬታ። «ውስጡ ደህና መሆኑን ለማረጋገጥ ግን አንዱን ልክፈት።»

«የት አገር ልጅ ነሽ?» አላት።

«አያቶቼ የፔልኮሴንኒየሚ ናቸው።»

እሱን ሲሰማ ተስፈንጥሮ ቆቡን ስክሪኑ ላይ አንጠለጠለው። ፔልኮሴንኒየሚ ዙሪያው ሁሉ ረግረግ ነዋ!

«አትከፍቺም!»

«ሳልከፍት በምን አውቃለሁ አባባ? እኔ ሂላ አልበላም፣ ጥርሴ ውስጥ ይገባል።»

«ሁሉም እንደሱ ነው የሚለው! ፍላሽ ላይ ገልብጪና ያንቺን አጥፊው።»

«ለአንድ ወር ማስቀመጥ ነው ልማዳችን። ምናልባት ቤትዎ ሄደው እምቢ ቢልዎት ሌላ ዘዴ እሞክርበታለሁ።»

«አሁን! ዓይኔ እያየ!»

«ኦይቫ፣ ጅል አትሁን» አልኩት። እንደ ዝንብ እንኳን አልቆጠረኝም። ወረቀት አስፈረመችውና አጠፋችው።

ቤቱ ገብቶ በሩን ቆለፈ፣ መጋረጃውን ዘጋ፣ በሚስቱ ኮምፒውተር ከፈተው። ስሞቹ በሙሉ አሉ። አንዱን ሲከፍት ባዶ። ሌላው ባዶ። ሁለት መቶ አስራ አራቱም ባዶ።

በማግስቱ መልሼ ወሰድኩት። ሬታ ዲስኩን ሰካች፤ ሁለት ጊዜ ጠቅ ጠቅ አለና ዝም አለ።

«የመጨረሻ ትንፋሹን የዛን ቀን ጨርሷል» አለች። «እኔ ጋ የነበረው የዲስኩ ሙሉ ቅጂ ላይ ብሠራ፣ ከስሞቹ ተለይቶ የተበተነውን ግማሹን አወጣ ነበር። አንዱን ብከፍት ኖሮ እኮ ወዲያው እናውቅ ነበር።»

«ሰው መች ይታመናል» ብሎ አጉረመረመ፣ ጥፋቱ የሷ ይመስል። ዘጠናውን ኪሎ ሜትር መልሼ ነዳሁት። መንገዱን ሙሉ የልቤን ነገርኩት።

ሐምሌ መጨረሻ የገበያው አደባባይ ላይ አየሁት። አንድ ጎረምሳ ባልዲ ሙሉ ሂላ ይሸጣል፤ ኦይቫ ኬስኪታሎ ተሰልፎ ይገዛል! ሰላሳ አንድ ዓመት ለጎረቤቱ አንዲት ፍሬ አቅምሶ የማያውቅ ሰው። ተራው ሲደርስ ወደ ልጁ ጠጋ ብሎ፣

«የት ነው የለቀምከው?» አለው በሹክሹክታ።

ልጁ ከላይ እስከ ታች አየውና፣ «ረግረግ ላይ» አለው።