ማግኔቱ ወይስ መርፌው

እናንተዬ፣ ይሄ በያጅ እኮ ብረት የሚፈራው ሰው ነበር! እሳቱ ፊቱ ላይ ሲረጭ "ካፊያ ናት" እያለ የሚስቅ። አንድ ቀን ታዲያ ወርክሾፑ ውስጥ የጋዝ ሲሊንደር ፈነዳ። ዐሥር ዓመት አብሮት የሠራው ጓደኛው እዚያው ቀረ። እሱ ተረፈ፣ መትረፍ ከተባለ።

ከዚያ ወዲህ በር ሲጋጭ ይዘላል፣ ሞተር ሲያጓራ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። አንዴ ኩሽና ውስጥ የድስት ክዳን ወደቀ። ኳ! በያጁ የስድስት ዓመት ልጁን ላድን ብሎ ላይዋ ላይ ተወረወረባት። ክንዷ ቀጭ ብሎ ተሰበረ! ልጅቷ ከዚያ ቀን ጀምሮ አባቷን ስታይ በር ኋላ ትደበቃለች። እሱም ሊያቅፋት ፈራ። የገዛ እጁን ፈራ፣ አስቡት!

ኪኒኑም ምክሩም አልያዘለትም። ዶክተሯ ባልና ሚስቱን አስቀምጣ፦

"ሁለት መንገድ ቀርቶናል" አለች። "አንዱ ጭንቅላትዎ ላይ ማግኔት አስጠግተን፣ ቷ ቷ ቷ እያደረገ አንጎልዎን እንዲቀሰቅስ ነው፤ ለሳምንታት ይመላለሳሉ። ሌላው መርፌ ነው። አንገትዎ ውስጥ የድንጋጤው ሽቦ የሚያልፍባት የነርቭ ቋጠሮ አለች፣ እሷን እናደነዝዛታለን። ሁለቱም ለአንዱ ይሠራል፣ ለአንዱ አይሠራም። አልዋሽዎትም።"

"አንገቴን? ዶክተር፣ በግ ነኝ እንዴ?"

ሚስቱ ሳቋ አመለጣት።

ማግኔቱን መረጠ። ለምን መሰላችሁ? ወርክሾፑ ግድግዳ ላይ ከአሮጌ ስፒከር የወጣ ማግኔት በሲባጎ ተንጠልጥሏል። አንዱ ሠራተኛ ዓይኑ ውስጥ፣ ቆዳው ውስጥ የብረት ፍንጣሪ ሲገባበት ሐኪም ቤት ማን ይሄዳል? ማግኔቱን አስጠግቶ ጥርግ ነው! ያን የፍንዳታ ዕለትም ፊቱ ላይ የተሰካውን የብረት ስብርባሪ የለቀሙለት በሱ ነው። ማግኔት ወዳጁ ነዋ!

ቀጠሮው ደርሶ ወንበሩ ላይ ተደላድሎ ተቀመጠ። ሲስተሯ ቅጽ ይዛ መጣች።

"ጭንቅላትዎ ውስጥ ብረት አለ?"

"የለም።"

"ገብቶብዎትስ ያውቃል?"

"ቢገባስ? በማግኔት ወጥቷል፣ አንድም አልቀረም።"

የሲስተሯ እስክሪብቶ ቀጥ አለ። "በምን ወጣ አሉኝ?"

"ኧረ አንተ ሰውዬ!" አለች ሚስቱ። "ከቅንድብህ በላይ ያለችውንስ? ብርድ ሲሆን ትጠዘጥዘኛለች የምትላትን?"

ወደ ራጅ ወሰዱት። ምን ቢታይ ጥሩ ነው? የስንዴ ፍሬ የምታክል ብረት ከቅንድቡ በላይ ቁጭ ብላለች!

"ማሽኑን አብርተነው ቢሆን ብረቷ ልትግል፣ ከቦታዋም ልትነቃነቅ ትችል ነበር" አለች ዶክተሯ።

በያጁ ላብ በላብ ሆነ። ወዳጄ ያለው ጉድ ሊሠራው! አንገቱን ዳበሰ።

"በሉ ውጉኝ" አለ። "ልጄን ልቀፋት እንጂ አንገቴን እንኳን ውሰዱት።"

ዶክተሯ በአልትራሳውንድ እያየች ወጋችው። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ የቀኝ ዓይኑ ቆብ ወደ ታች ወረደ፣ ድምፁም ሻከረ። ሚስቱ ጮኸች፦

"ዓይኑ! ኧረ ባሌን ምን አደረጋችሁት!"

"አይደንግጡ እናቴ" አለች ዶክተሯ። " መርፌው ቦታውን አገኘ ማለት ነው፣ ከሰዓታት በኋላ ይመለሳል። ድንጋጤው ለቆት እንደሆነ ግን ቤታችሁ ስትገቡ ነው የምታዩት።"

ቤት ገቡ። ሚስትየው ምሳ ልታሞቅ ስትል ያ ክዳን አመለጣት። ኳ!

ልጅቷ በር ኋላ ገባች። በያጁ ልቡ ዘለለች፤ እግሩ ግን ንቅንቅ አላለም። ክዳኑ እየተሽከረከረ እስኪያበቃ ቆሞ አየው። ጎንበስ ብሎ አነሳው። ባለመደንገጡ ራሱ ደነገጠ!

ከበሩ ኋላ አንዲት ትንሽ ፊት ብቅ አለች።

"አባዬ፣ እየጠቀስከኝ ነው?"

"አዎ" አለ በሻከረ ድምፁ። "ነይ።"

ጄሶ ያለበትን ክንዷን አስቀድማ መጣች።