አማቴን ከበቅሎ ያወረደ ደጃፍ

አማቴ ከበቅሏቸው አይወርዱም ነበር። በሌላ ሰው ቤት ይወርዳሉ። በቡሬ ይወርዳሉ፣ በአዲስ ቅዳም ይወርዳሉ፤ የማይወርዱት በእኛ ቤት፣ በገዛ ልጃቸው ቤት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ የቆሰበር ሰው ነኝ፤ ዛሬ እንጅባራ የምትሉት። በንጉሡ ዘመን፣ ገና ጎረምሳ ሳለሁ፣ ሚስት ያገባሁት ከዳንግላ ነው። አባቷ ከተማ ውስጥ ሱቅ ያላቸው፣ ቤታቸው ቆርቆሮ የለበሰ፣ ጋቢያቸው ጉድፍ የማያውቅ ሰው ነበሩ። እኔ ገበሬ ነኝ፤ ፊደል የቆጠርሁትም ጎልምሼ ነው። ሽማግሌ ልኬ እሺ ሲሉኝ ራሴም ገረመኝ። ለካ ልጅቱ ገበያ አይታኝ ኖሮ «እሱን ነው» ብላ ነው። ይኼንን የነገረችኝ ልጆች ከወለድን በኋላ ነው፤ ያኔ ብትነግረኝ ኖሮ ደረቴን ነፍቼ አላስቀምጣትም ነበር።

ቤታችን ከመኪና መንገዱ ዳር ነበረች። ክብ የሳር ቤት ናት። ጭቃዋ ተሰነጣጥቆ ጭዱ ይታያል። አጥር የላትም። የሰፈሩ ከብት ወደ ወንዝ ሲወርድ በበራችን ፊት ያቋርጣል፤ የአገራችንን ዝናብ ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ ደጁ የተቦካ ጭቃ ነው። እኔ እዚያው ተወልጄ ያደግሁ ነኝና አይታየኝም። ሰው የራሱን ደጅ ከውጭ ቆሞ መቼ ያያል?

አማቴ ለንግድ ወደ ቡሬ ሲሄዱና ሲመለሱ በእኛ በኩል ያልፋሉ። በቅሏቸውን መንገዱ ላይ ያቆማሉ። ልጃቸው ጠላ በዋንጫ ይዛላቸው ትወጣለች። ከኮርቻው ሳይወርዱ ይጠጣሉ፤ ጎንበስ ብለው ይስሟታል፤ እኔን «እንደምን ከረምህ» ይሉኛል፤ ከዚያ «በሉ፣ ይመሽብኛል» ነው። እኔ ልጓሙን ይዤ «ኧረ ይውረዱ፣ አባቴ! ኧረ ቤት ይግቡ!» እያልሁ ጥቂት እከተላለሁ። አይወርዱም።

ሰው ሁሉ ያያል። ከጎናችን ቀርከሃ እየሰነጠቁ የሚኖሩ ሽማግሌ ጎረቤት ነበሩ፤ ምላሳቸው እንደ ማጭዳቸው ስለታም ነው። አንድ ቀን መንደሩ በተሰበሰበበት በአገውኛ እንዲህ አሉኝ፦

«አንተ ልጅ፣ አማትህ እግር የላቸውም እንዴ?»

«አላቸው፣ አያ።»

«እንግዲያ ከኮርቻው ጋር ሰፍተዋቸዋል!»

ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ምን አደርጋለሁ? ባለቤቴ አገውኛ ገና እየለመደች ነበር፤ ይህን ያህሉ ግን ይገባታል። ፊቷን አዙራ ወደ ቤት ገባች።

ማታ ላሟን ስታልብ ጥጃውን ይዤላት ቆሜያለሁ። ቀና ሳትል ተናገረች።

«አባቴ የማይወርደው ለምን ይመስልሃል?»

«ጭቃውን ፈርተው ይሆናል። ነጭ ለባሽ ናቸው።»

«አባቴ ጭቃ አይፈራም። ወርዶ የት ይቁም? ሰው ቤት የሚሄድ ሰው ከበር ቆሞ ‹ቤቶች!› ይላል፤ ባለቤቱ ይወጣና በሩ ድረስ ሄዶ ይቀበለዋል። እኛ ምን በር አለን? ከብቱ ባለፈበት እሱም ዝም ብሎ ይለፍ?»

ጥጃው ሊያመልጠኝ ሲል ጎትቼ መለስሁት።

«እስከ መቼ አባቴን እንደ መንገደኛ መንገድ ላይ ላጠጣው?» አለች። ያን ጊዜ ድምጿ ተሰበረ። እኔ ይኼንን ነገር እስከዚያ ቀን የኔ ውርደት አድርጌ ነበር የያዝሁት። ለካ የሷ ነው።

በማግሥቱ «አንዱን በሬ ሸጬ ቆርቆሮ አለብሳታለሁ» አልኋት። በዚያን ጊዜ አንዳንዱ ሰው ቤቱን ባለ አራት ማዕዘን ያደርግና ቆርቆሮው ሲያንሰው በመንገድ በኩል ያለውን ብቻ ያለብስ ነበር፤ ጀርባው ሳር ሆኖ ይቀራል። እንደዚያ ላደርግ አስቤያለሁ።

«ፊቱን ታጥቦ እግሩን እንደረሳ ሰው?» አለችኝ። «አባቴ ቆርቆሮ ሞልቶታል። ቆርቆሮ ሊያይ ከዳንግላ አይመጣም። በሬው ይረስበት። እኛ በእጃችንና በጓሯችን ያለውን እናድርግ።»

አማቴ በጥር አልፈው ነበር፤ ደግመው የሚመጡት ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው። እስከዚያ ያለው ጊዜ የእኛ ነበር።

መጀመሪያ ውኃውን ያዝነው። ከላይ የሚወርደው ጎርፍ በደጃችን እንዳያልፍ ቦይ ቆፈርሁለት፤ ከብቱንም በጎን በኩል መንገድ አበጀሁለትና ጎረቤት ሁሉ «እሺ» አለኝ። ቀጥሎ ከወንዝ ጠፍጣፋ ጥቁር ድንጋይ እየተሸከምሁ ከመንገዱ እስከ ቤታችን መግቢያ ደረደርሁ። እሷ ትረግጠዋለች፤ ከተነቃነቀ «ይኼ አልተኛም» ትላለች፤ አወጣና እንደገና እቀብረዋለሁ። ወገቤ ተቆረጠ፤ እሷ ግን አንዱንም አላለፈችልኝም።

ለአጥሩ ከእናቴ ጓሮ ቀርከሃ ቆርጬ አመጣሁ። አረንጓዴ፣ ለስላሳ፣ የሚያምር የሚያምረውን መርጬ ነው። ሽማግሌው ጎረቤቴ ከሩቅ ሲያዩት ማጭዳቸውን ጥለው ብድግ አሉ።

«ምነው፣ ሕፃናቱን ፈጀሃቸው!»

«ምን አጠፋሁ፣ አያ?»

«የዘንድሮ ቡቃያ እኮ ነው! ሲደርቅ ይኮማተርና አጥርህ እንደ አሮጌ ሰው ጥርስ ይነቃነቃል። አማትህ ሊወርዱ አስበው እንኳ ቢሆን ሲያዩት ጭራሽ ይጋልባሉ።»

ጓሮው ድረስ ይዘውኝ ሄዱ። የከረመውን ቀርከሃ በማጭዳቸው ጀርባ መታ መታ እያደረጉ ድምፁን አሰሙኝ፤ ቆዳው የደበዘዘውን፣ ሽበት የመሰለ ነገር የጣለበትን ለዩልኝ። ከዚያ በኋላ ሳልጠራቸው ጠዋት ጠዋት እየመጡ አብረውኝ ይሰነጥቁ፣ ይጎነጉኑ ጀመር። «ለአንተ ብዬ አይደለም፤ የእኒያን ሰውዬ እግር አይቼ ልሙት ብዬ ነው» ይሉኛል። ቋሚውን ቆርች አድርግ ያሉኝም እሳቸው ናቸው። የቆርች ግንድ ደረቅ እንጨት አይደለም፤ ቆርጠህ ብትተክለው ሥር ይሰዳል። ከወንዙ ዳር ካለው ቆርች ወፍራም ወፍራሙን ቅርንጫፍ አምጥቼ ዝናቡ ሲጀምር ተከልሁ።

ግድግዳው የባለቤቴና የእናቴ ነው፤ በዚያ እኔ የለሁበትም። ጭቃውን ከጭድና ከእበት ጋር አቡክተው ጉድጓድ ውስጥ አስተኙት። ሲከርም ሸተተ። የሰፈሩ ሴቶች አፍንጫቸውን ይዘው እያለፉ «ቤቱን ልታሳምሩ ነው ወይስ እኛን ከሰፈር ልታባርሩ?» ይላሉ። እናቴ ደግሞ «ስታገቡ አበባ ይሸታችሁ ነበር?» ብላ ትመልሳለች። ስንጥቁ ሁሉ ተደፈነ፤ ግድግዳው ተለሰነ። ከዚያ ወደ ጥርባ በኩል ካለ ገደል ነጭ አፈር በቅል እየተሸከሙ አመጡ። ከወገብ በታች ቀይ፣ ከወገብ በላይ ነጭ አደረጉት። ሳይደርቅ ባለቤቴ እንደ እንስራ በለስላሳ ድንጋይ አሸችው። ቀዩና ነጩ በሚገናኙበት በሦስት ጣቷ ውኃ የሚመስል መስመር ስባ ቤቱን ዞረችው። ከመንገድ ማዶ ቆሜ ሳየው፣ ምን ልበላችሁ፣ የኔ ቤት መሆኑን አላመንሁም። ላም እየነዳ ያልፍ የነበረ ሰው ቆሞ «የማን ናት?» ሲለኝ «የኔ ናት» ያልሁበት ድምፅ ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ።

የቀረው በሩ ነበር። በሩን ብቻዬን ልሥራ አልሁ። ሁለት ወፍራም ቆርች ተከልሁ፤ ከላይ ጉበን ጫንሁበት፤ ለጉበኑ ትንሽ የሳር ጣራ ደፋሁለት፤ መዝጊያውን ከቀርከሃ ጎነጎንሁ። ከፍታውን የለካሁት ቆሜ፣ እጄን ከራሴ በላይ ትንሽ ከፍ አድርጌ ነው።

ሥራው ባለቀ ማግሥት ሽማግሌው ጎረቤቴ ከለቅሶ ሲመለሱ ፈረሳቸው ላይ እንደተቀመጡ መጡና በሩ ፊት ቆሙ። ጉበኑ ደረታቸው ጋ ነው።

«ይኼ በር ለማን ነው የተሠራው?»

«ለአማቴ።»

«በእግራቸው ነው የሚመጡት?»

ያን ጊዜ ገባኝ። ሽማግሌው ፈረሳቸው አንገት ላይ ተደፍተው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። እኔ ዶማ ላመጣ ሮጥሁ። ባለቤቴ በሩ መካከል ቆመች።

«አትነካውም።»

«አንቺ፣ አባትሽ ‹ካልወረድህ አትገባም› ያልናቸው ይመስላቸዋል! ጭራሽ ይቀየማሉ!»

«የወረደ ሰው ይገባበታል።»

«ካልወረዱስ?»

«ካልወረደ በር ቢኖርም ባይኖርም ያው ነው» አለች።

ዶማውን መለስሁ። እንቅልፍ ግን አልወሰደኝም፤ ዘንድሮ ወደ ቡሬ የሄዱት በሌላ መንገድ ነበር፤ በእኛ በኩል የሚመለሱት ነገ ወይ ከነገ ወዲያ ነው።

የመጡት ጠዋት የጣለው ዝናብ እንዳባራ ነበር። በቅሎዋ እንደ ልማዷ ደጃችን ስትደርስ ቆመች። አማቴ ግን ቤቱ ገና የቀራቸው መስሏቸው «ሂጅ!» እያሉ በእግራቸው ጎሰሟት። አልሄደችም። ያን ጊዜ ዞር ብለው አዩ። ግድግዳውን አዩ። አጥሩን በዓይናቸው ከዳር እስከ ዳር ሄዱበት። የቆርቹ ቋሚዎች ቅጠል አውጥተው ነበር።

እኔና ባለቤቴ ከበሩ ውስጥ ቆመናል። እጇ ባዶ ነው።

«ጠላሽስ?» አሉ ልጃቸውን።

«ቤት ነው ያለው» አለች።

ጉበኑን አዩ፤ እኔን አዩ።

«አንተ፣ ይኼን በር አውቀህ ነው ያሳጠርኸው?»

«ኧረ አላወቅሁም፣ አባቴ። በራሴ ቁመት ለክቼ ነው።»

«በእኔ ቁመት አትለካውም ነበር?»

«እርስዎን በደጃችን ቆመው አይቼዎት አላውቅማ» አልሁ።

አውቄ አይደለም፤ እውነቱ አመለጠኝ። ከአፌ እንደወጣ ምድር ብትውጠኝ በወደድሁ። ከአጥሩ ወዲያ ሽማግሌው ጎረቤቴ ሳል ሲያንቃቸው ይሰማኛል። ባለቤቴ እጄን ከኋላ ያዘችኝ።

የአማቴ ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ተቆጡ ብዬ ነበር፤ እየሳቁ ነው። ሲበቃቸው እግራቸውን ከእርካቡ አወጡና ወረዱ።

ወርደውም ዝም ብለው አልገቡም። ጋቢያቸውን አስተካከሉ፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ እኛ በክንድ ርቀት ፊት ለፊታቸው ቆመን ሳለ ከሩቅ እንደሚጣራ ሰው፦

«ቤቶች!» አሉ።

«ይግቡ! ይግቡ!» አልን ሁለታችንም ባንድ አፍ። በሩን ከፍቼ ጎንበስ አልሁ፤ እሳቸውም ለጉበኑ ጎንበስ አሉ። ድንጋዩን አንድ በአንድ እየረገጡ ሄዱ። አንዱም አልተነቃነቀም። ግድግዳው ጋ ሲደርሱ መዳፋቸውን ዘረጉና ነጩን ዳሰሱት፤ ጣታቸውን በመስመሩ ላይ ሰደዱ።

«ይኼ የማን እጅ ነው?»

«የኔ» አለች።

«እኔ ቤት ሳለሽ እንዲህ ትችይ ነበር?»

«ግድግዳ መቼ አስነካኸኝ?»

እጇን ያዙና ገልብጠው አዩት። አፈሩ ሰነጣጥቆት ነበር። ሳሙት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«በቅሎዋን አራግፋት። እዚህ ነው የማድረው።»

ኮርቻ ብዙ ጊዜ አውርጃለሁ፤ እንደዚያን ቀን የቀለለኝ ግን የለም።

ማግሥቱ የገበያ ቀን ነበር፤ ጠዋት ሲነሡ ግቢውን ዞረው አዩ። ከአጥሩ ሥር ተርፎ ያስደገፍሁት አንድ የቆርች ግንድ ነበር፤ ሳይተከል እንኳ ቅጠል ጣል ጣል አድርጓል። «ይኼን ስጠኝ» አሉ። ኮርቻው ላይ አጋድሜ አሰርሁላቸው። በሩን በእግራቸው ወጥተው መንገዱ ላይ ሲደርሱ በቅሎዋ ላይ ወጡ፤ እኔም ልጓሙን ያዝሁ።

ሽማግሌው ጎረቤቴ ከደጃቸው ሆነው አላስቻላቸውም፤ በአማርኛ ተጣሩ።

«ጌታው፣ ዳንግላ እንጨት ጠፋ እንዴ?»

«እንጨትስ ሞልቷል» አሉ አማቴ፣ ገበያተኛው ሁሉ እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «የልጄ ደጅ እንጨት ነው የሌለው!»

የገበያው ሰው መንገድ እየለቀቀ፣ ያ ቅጠላም ግንድ ከበቅሎዋ ግራና ቀኝ እየተወዛወዘ፣ እስከ ገበያው ዳር ሄድሁ። ከዚያ በፊት ልጓሙን ይዤ የምከተለው እየለመንሁ ነበር። ያን ቀን እየሸኘሁ ነበር።