አባቴ እጃቸውን ያሳረፉበት ማሽን

ሁለት መቶ ሃምሳ ስድስት። እዚያች ቁጥር ላይ ሲደርስ ቀጥ። ኮምፒዩተሩ ሲበራ ሜሞሪውን እየቆጠረ ይመጣል፣ ይመጣል፣ ከዚያ ሰው ከኋላው የጠራው ይመስል ዝም ይላል። አጠፋዋለሁ፣ አበራዋለሁ፣ እዚያው ነው። እንጅባራ በተከራየሁት ክፍል ውስጥ ሳምንቱን ሙሉ ከሥራ መልስ ከዚህ ቁጥር ጋር ስጨቃጨቅ ከረምኩ። "የታባክንስ!" እያልኩ ስጮህበት፣ በግድግዳው ወዲያ ያሉት አከራዬ ምን ዓይነት ባል አገባች ሳይሉ አልቀሩም።

ኮምፒዩተሩ የአባቴ ነው። ግምጃ ቤት በምትባለው የወላጆቼ ከተማ አካባቢ የነበረ አንድ ፕሮጀክት ሲዘጋ፣ እዚያ በጸሐፊነት ይሠሩ ለነበሩት ለአባቴ መሰናበቻ ብለው የሰጧቸው፣ ጠላ እንደነካው ነጠላ የወየበ ግዙፍ ሣጥን። አባቴ ለዓመታት የእናታቸውን ቃላት ሲጽፉበት ኖረዋል፤ የዛፉን፣ የቅጠሉን፣ የእርሻ ዕቃውን ስም በአገውኛ፣ ትርጉሙን ደግሞ አጠገቡ በአማርኛ። ያቺ አያቴ አማርኛ ሳታውቅ ነው የሞተችው። እኔ በበኩሌ አገውኛዬ ገበያ ላይ ከመከራከር አያልፍም፤ ይህን ስናገር አሁንም አፍራለሁ።

እኔ እንጅባራ አንድ ቢሮ ውስጥ የኮምፒዩተር ጥገና ሠራተኛ ነበርኩ። ያን ክረምት ባሕር ዳር ያለ የዓይን ሐኪም አባቴን መርምሮ፣ ዓይንዎ ቀስ እያለ መጥፋቱ አይቀርም ብሎ መለሳቸው። አባቴ አላለቀሱም። የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። "ዓይኔ ሳይዘጋ ቃላቱን በፊደል ተራ ተሰልፈው ልያቸው" አሉኝ።

ቀላል ነገር ይመስላል አይደል? አሮጌው ማሽን ያን ሁሉ ቃል ለመደርደር ከጠዋት እስከ ማታ ይፈጅበታል፤ የእኛ አገር መብራት ደግሞ ከጠዋት እስከ ማታ ቆይቶ አያውቅም። በተቋረጠ ቁጥር ሥራው እንደገና ከሀ ይጀምራል። ወደ አዲስ ኮምፒዩተር እንዳልወስደው፣ ለአገውኛው የተሠሩት ፊደሎች ከዚያ ማሽን ውጪ ዝብርቅርቅ ምልክት ብቻ ነው የሚሆኑት። ስለዚህ ማሽኑን ራሱን ላፈጥነው ቆርጬ እንጅባራ ወሰድኩት። ከተጣለ ሌላ ኮምፒዩተር የተሻለ ፕሮሰሰር፣ ማለትም የተሻለ አንጎል፣ ነቀልኩ። በትንሽ ሰሌዳ ላይ አስቀምጬ፣ እግሮቹን ፀጉር በሚያህሉ ሽቦዎች አንድ በአንድ በየድኩና በአሮጌው አንጎል ቦታ ሰካሁት። ከዚያ በኋላ ነው ሁለት መቶ ሃምሳ ስድስት የመጣው።

ቅዳሜ ዕለት ተሸነፍኩ። አሮጌውን አንጎል መልሼ ልሰካላቸው ማሽኑን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ በሚኒባስ ግምጃ ቤት ወረድኩ። ቀትር ቢሆንም ጉሙ ግቢውን ሞልቶት፣ የእናቴን ድምፅ ሰማሁ እንጂ እናቴን አላየሁም።

"አልሆነም አባዬ፣ ልነቅለው ነው" አልኳቸው።

"እስቲ አብሪው" አሉና እንደ ልማዳቸው ጫማቸውን አውልቀው በሩ ጋ አኖሩ። አባቴ በልጅነታቸው ዲያቆን ነበሩ፤ የእናታቸውን ቃል በጫማ ጽፈው አያውቁም። እኛ ቤት ይህ ከመለመዱ የተነሳ ማንም አያስተውለውም። በዳበሳ ወንበሩን አገኙ፣ በዳበሳ የማሽኑን ጎን አገኙና እጃቸውን አሳረፉበት።

አበራሁት። ሁለት መቶ ሃምሳ ስድስትን አለፈ። አምስት መቶ አሥራ ሁለትን አለፈ። ቆጥሮ ጨረሰና ቲጥ አለ!

"እሰይ!" አለች እናቴ። አባቴ "ተመስገን" ብለው እጃቸውን ወደ ላይ አነሱ። ማሽኑ ቀጥ አለ።

እንደገና አበራሁት። እኔ እጄን ባሳርፍበት፣ ሁለት መቶ ሃምሳ ስድስት። እናቴ በግድ፣ ፊቷን አዙራ፣ በጣቷ ጫፍ ብትነካው፣ ሁለት መቶ ሃምሳ ስድስት። አባቴ ሲነኩት ያልፋል። አምስት ጊዜ ሞከርነው፤ አምስት ጊዜ እንዲያ ሆነ። ክንዴ ላይ ያለው ፀጉር ቆመ። እኔ በእንዲህ ዓይነት ነገር የምስቅ ሰው ነበርኩ እኮ።

"በስመ አብ! ይኼ የሰው ሥራ አይደለም። ጠበል ላምጣ" አለች እናቴ።

"እማ፣ ሞቼ እገኛለሁ! ውኃ እንዳታስነኪው!"

አባቴ ግን ደስ ብሏቸዋል። "እኔን ነው የሚያውቀው" አሉ። "እጄን ይነዝረኛል፣ ቀስ አድርጎ። አንቺን አይነዝርሽም?"

እኔን ምንም አልነዘረኝም። ያን ቀን ወደዚያ ክፍል ብቻዬን አልገባም ብዬ እናቴ ጎን ጉድ ጉድ ስል ዋልኩ።

በማግስቱ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ፣ "ያን ጭቃሽን ይዘሽ እንዳትገቢ!" ብላ እናቴ ጮኸችብኝ። ጫማዬን በር ላይ አውልቄ ገባሁ። ወለሉ አፈር ነው፣ በክረምት እርጥበቱ አጥንት ድረስ ይገባል። መጋረጃውን ልከፍት ስል እጄ የበራውን ማሽን ነካ። ንዝር አደረገኝ። ስክሪኑ ላይ ያቺ የቆመች ቁጥር ነበረች። አጥፍቼ ባበራው፣ በእኔ እጅ አልፎ ቆጠረ።

ጫማው ነው! ይኼም ቤት የእንጅባራው ክፍልም የመሬት ሽቦ የላቸውም። እኔም ከአዲሱ አንጎል እግሮች አንዷን መበየድ ረስቼ ነበር፤ ሣጥኑን ከፍቼ ስፈልግ አገኘኋት። በማሽኑ ቆርቆሮ ላይ የሚጠራቀመው ኤሌክትሪክ ያቺን አየር ላይ የቀረች እግር ሲያወዛውዛት ከርሟል። በአባቴ ባዶ እግር በኩል ግን ወደ እርጥቡ መሬት ይወርዳል። እኔና እናቴ የፕላስቲክ ጫማ እንዳደረግን ነው የነካነው።

ያቺን እግር በይጄ መገላገል እችል ነበር። ግን "እኔን ነው የሚያውቀው" ያሉት ድምፅ ጆሮዬ ላይ አለ። አንጀቴ እምቢ አለኝ። ሳልበይዳት ጫማዬን መልሼ አጠለቅኩ።

አባቴ ቁርሳቸውን በልተው፣ ጫማቸውን አውልቀው ተቀመጡ። እጃቸውን አሳረፉ፤ መደርደር ጀመረ። ዝናቡ ጣሪያውን ይቀጠቅጣል፣ አምፖሉ ሁለቴ ደብዘዝ ብሎ ተመለሰ፣ እኔ እግዜርንም መብራት ኃይልንም እየለመንኩ ነው። ሁለት ሰዓት እንኳ አልፈጀም። ዝርዝሩ ከሀ ጀምሮ ተሰልፎ ስክሪኑን ሞላው። ደረስኩላቸው ብዬ እንባዬ መጣ።

"ያንብቡት አባዬ" አልኳቸው።

ፊታቸውን ወደ ስክሪኑ አቀኑ። ቃሉን በአገውኛ፣ ትርጉሙን በአማርኛ እያሉ ጀመሩ። በር አሉ። ደፍ አሉ። ምሰሶ። ምድጃ። የምድጃው ድንጋይ።

ስክሪኑን አየሁ። የመጀመሪያው መስመር የወፍ ስም ነው። ቀጥሎ አረም። በር የሚል የለም። ድርደራው ተበላሽቶ ይሆን ብዬ ጎንበስ ብዬ ፈለግኩ፤ ፊደሎቹ ግን አንድም አልተሳሳቱም። አባቴ ቀጠሉ። ጓዳ። ጎታ። የጓሮ በር። ጋጣ። ይኼ የፊደል ተራ አይደለም። አያቴ ትንሹን ልጇን በእጇ ይዛ፣ ከደጃፍ ጀምራ ቤቱን እያዞረች ያስተማረችበት ተራ ነው።

ብልሽት ስፈልግ ልማዴ ነው፤ አንዱን ነገር አጠፋና ሌላው ይቀየር እንደሆነ አያለሁ። እጄን ዘርግቼ የስክሪኑን ቁልፍ ተጫንኩ።

መስታወቱ ጨለመ። የአባቴ ፊት በውስጡ ታየ፣ ዓይናቸው እንደተተከለ። አላቋረጡም። በረት። አጥር። ማሳ።

ሳምንቱን ሙሉ ከአንዲት ቁጥር ጋር ስጨቃጨቅ፣ እሳቸው እዚህ ተቀምጠው እየጨለመባቸው ነበር። ዘግይቻለሁ። እናቴ በሩ ላይ ቆማ አፏን በነጠላዋ ያዘች፤ እሷ ታውቅ ነበር።

"ሁሉም አለ?" አሉኝ አባቴ፣ እጃቸውን ከማሽኑ ላይ ሳያነሱ።

"አለ አባዬ። ሁሉም በተራው አለ። ይቀጥሉ" አልኳቸው። ቦርሳዬን ከፍቼ እስክሪብቶና ደብተር አወጣሁ፤ ጫማዬን አወለቅኩና የሚሉትን መጻፍ ጀመርኩ።