ወንድሜ ያስገጠመው አላርም

ታናሽ ወንድሜ ለአባታችን ቤት አላርም ያስገጠመው፣ ሰፈራችን ውስጥ ሌባ በዛ የተባለ ሰሞን ነው። እሱ ትዳር ይዞ ሳሪስ አቦ ይኖራል። እኔ እናታችን ካረፈች ወዲህ አቃቂ ከአባባ ጋር ነኝ። አባባ የባቡር ጡረተኛ ናቸው። ገጣሚዎቹ እንደሄዱ ወንበር አውጥተው ደጃፍ ላይ ተቀመጡና ላለፈ ላገደመው ሁሉ «ልጄ ነው ያስገባልኝ» ይሉ ጀመር። መድኃኒታቸውን የማመጣው፣ ልብሳቸውን የማጥበው፣ ሲብስባቸው ጉልበታቸውን የማሸው እኔ ነኝ። የታሸ ጉልበት ግን ለጎረቤት አይታይም።

ቀናሁ። ሥራዬ የፋብሪካ ኤሌክትሪክ ጥገና መሆኑ ደግሞ አባሰው። ወንድሜ መጀመሪያ ሲያማክረኝ እኔው እገጥመዋለሁ ብዬ ነበር። «የለም፣ ባለሙያ ይምጣ» ያሉት አባባ ናቸው።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት አላርሙ በሩ ተዘግቶ ሳለ ይጮህ ጀመር። ቢያጠፉት ተመልሶ ይጮሃል፤ ኮሪደሩ ላይ ያለው ሳጥን የሳሎኑ በር ክፍት ነው ይላል። አባባ ለወንድሜ ደወሉ። ለሥራ ከከተማ ወጥቶ ስለነበር ሰኞ ሰዎቹን እልካለሁ አለ። እኔ ልየው ስላቸው፣ ወንድምሽ ሳያውቅ ባትነካኪው ይሻላል አሉ። ጩኸቱ ግን ሰኞን የሚያስጠብቅ አልነበረም። ካቻቢቴና ቴስተሬን አመጣሁ፤ እሳቸውም አጠገቤ ቆመው ይጠብቁኝ ጀመር።

ነገሩ ከባድ አይደለም። በሩ ላይ ትንሽ ማግኔት አለ፤ መቃኑ ላይ ደግሞ ማብሪያ ማጥፊያ የሚመስል ትንሽ ዕቃ። በሩ ሲዘጋ ማግኔቱ ይጠጋና መስመሩ ይገናኛል፤ ሲከፈት ይቋረጣል። ከዚያ ዕቃ ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች እስከ ሳጥኑ ይሄዳሉ። ሳጥኑ ጋ ሽቦዎቹን ፈትቼ ቦታቸውን በቁራጭ ሽቦ አገናኘሁት፤ ዝም አለ። ስለዚህ ሳጥኑ ደህና ነው። መቃኑ ላይ ያለውን ዕቃ ነቅዬ በቴስተር ለካሁት፤ ማግኔት ሳስጠጋለት ቴስተሩ ድምፅ ይሰጣል፣ ሳርቅበት ይተዋል። እሱም ደህና ነው። የቀረው መሃል ያለው ሽቦ ነው።

ሽቦው ቀለም ተቀብቶበት ከግድግዳው ጋር ተመሳስሏል። በጣቴ እየዳሰስኩ ተከተልኩት፤ ከወንድሜ ፎቶ ኋላ ገባ። ጋዋን ለብሶ የተመረቀበት ትልቁ ፎቶ ነው። መኝታ ቤት ነበር፤ እንግዳ ሁሉ እንዲያየው ብለው አላርሙ በጮኸበት ሳምንት አባባ ራሳቸው ሚስማር መትተው ሳሎን አምጥተውታል። የእኔ መመረቂያ ፎቶ ቁም ሣጥን ውስጥ ነው።

ፎቶውን አወረድኩት። ሚስማሩ ሽቦውን መሃል ለመሃል ወግቶት ኖሮ ውሎ አድሮ ተበጥሷል።

ደስ አለኝ፤ ልቤ ነው የሳቀው። አባባን ጠርቼ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ሚስማሩን ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ቀስ ብለው፣ «ለልጁ እንዳትነግሪው» አሉኝ።

ሚስማሩን በፒንሳ ነቀልኩ፤ ሽቦውን ቀጥዬ በፕላስተር ጠቀለልኩ፤ የነቃቀልኩትንም ሁሉ ወደ ቦታው መለስኩ። በሩን ስንዘጋው ሳጥኑ ረጋ፣ ስንከፍተው ነቃ። አባባ ወዲያው ስልካቸውን አነሱ።

«ልጄ፣ ሰው አትላክ። በራሱ ጊዜ ተስተካክሏል።»

እኔ ፒንሳውን እንደያዝኩ አጠገባቸው ቆሜያለሁ። ወደ ጓሮ ወጣሁና እጄን ስታጠብ ቆየሁ። ወንድሜ የደወለልኝ እዚያው እንዳለሁ ነው። የተበላሸ አላርም በራሱ ጊዜ አይስተካከልም፣ አንቺ ነሽ አይደል የሠራሽው አለኝ። ሚስማሩም ፎቶውም አፌ ላይ መጡ። ሽቦ ተበጥሶ ነበር ብቻ አልኩት።

«አንድ ነገር ልንገርሽ» አለ። «አባባ ጋ ስደውል ወሬያቸው ሁሉ ስላንቺ ነው። አምሽታ መጣች፣ ሳትበላ ተኛች፣ ጫማዋ ውሃ ያስገባል፤ ይኸው ነው። ‹አንተስ እንዴት ነህ› ብለውኝ አያውቁም። አላርሙን ያስገባሁት የእኔንም ስም እንዲያነሱ ብዬ ነው።»

ጫማዬ ውሃ እንደሚያስገባ አባባ ማወቃቸውን እንኳ አላውቅም ነበር። ይህን ሰምቼ ቅናቴ የሚበርድ መስሎኝ ነበር፤ አልበረደም። ለእኔ አንድ ቀን ያልነገሩኝን ለእሱ በየስልኩ ሲነግሩት መኖራቸው አንገበገበኝ።

ስመለስ አባባ ፎቶውን ታቅፈው ሳሎኑ መሃል ቆመዋል። የትኛው ግድግዳ ሽቦ እንደሌለው ጠየቁኝ። አሳየኋቸውና ወንበር ላይ ወጥቼ ሚስማሩን መታሁ። እሳቸው ከታች ሆነው በእጃቸው ወደ ግራ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ እያሉ አዘዙኝ፤ እስኪበቃቸው ድረስ አስተካከልኩት።